ኳሱ ጋ ያልደረሰ ተከላካይ አይሳሳትም እኮ

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ መቼም ሰላም ናችሁ ብዬ ነው። እኔ ጋዜጣችሁን ከጀርባ ጀምሬ የማነብ ሰው ነኝ፣ ስፖርቱን ጨርሼ ነው ወደ ፖለቲካው የምሄደው፣ አንዳንዴ ደሞ ሳልሄድ እቀራለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ያስነሳኝ ደሞ ባለፈው እትም እዚህ ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ስለተደረገው የእግር ኳስ ጨዋታ ያወጣችሁት የተጫዋቾች ነጥብ ነው፣ ለግራ መሀል ተከላካያችን ከ10 4 ሰጥታችሁት ከጎኑ ለሚጫወተው 7። ወላሂ ሻዩ ነው ትን ያለኝ።

እኔ እዛው ነበርኩ፣ ብርዱ አጥንት እየሰበረ ጋቢ ደርቤ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። ልጁ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳስ ሊያወጣ ሲል ከእግሩ አመለጠችውና ጎል ሆነች፣ አልክድም፣ እኔም ጭንቅላቴን ይዣለሁ። ግን ከዛ በፊት ያለውን ሰአት በሙሉ ወዲህ ወዲያ ሲል የነበረው ማን ነው? 7 ያገኘው ሰውዬ እኮ ኳስ በአጠገቡ ስታልፍ በአይኑ የሚሸኝ ነው፣ እንግዳ እስከ በር የሚሸኝ አባወራ ነው የሚመስለው። ኳሷ ጋ ስለማይደርስ አይነካትም፣ ስለማይነካት አይሳሳትም፣ ስለማይሳሳት 7።

አሁን ማስረጃዬ ምን መሰላችሁ፣ ቤዝቦል ነው። ሳቁ፣ ችግር የለም፣ እናቴም ስቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፣ ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከጫማና ከቫይታሚን መሀል አንድ ካርቶን ይዞ መጣ፣ ስትራት ኦ ማቲክ ይባላል። ሃል ሪችማን የሚባል ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1961 ገበያ ላይ ያወጣው የቤዝቦል የጠረጴዛ ጌም ነው፣ ስክሪን የለው፣ ባትሪ የለው፣ ካርድና ዳይስ ብቻ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ የሚሰራ ጌም ምን ማለት እንደሆነ ደሞ ለደሴ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ልጁ ሲሄድ ትቶልን ሄደ። ይኸው ከሱ ወዲህ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ጎረቤታችን ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ ማታ ማታ ቡና እየጠጣን የአሜሪካን ቤዝቦል ደሴ ሳሎን ውስጥ እንጫወታለን።

ቤዝቦልን ለማታውቁ ባጭሩ፣ ፒቸር የሚባለው ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል፣ የሚከላከለው ቡድን ፒቸሩን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው ሆኖ ጓንት አጥልቆ ሜዳው ላይ ተበትኖ ይጠብቃል። የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው አውት ነው፣ ተራው አለቀ ማለት ነው። መሬት ለመሬት ከመጣች ደሞ ለቅሞ መቺው አንደኛው ቤዝ፣ ሯጩ መርገጥ ያለበት ምልክት ነው፣ ሳይደርስ ቀድሞ ወደዛ መወርወር ነው፣ መንገዱ 27 ሜትር ከምናምን ነው፣ መቺው እሱን ለመሮጥ ከ4 ሰከንድ ትንሽ በለጥ ያለ ነው የሚፈጅበት፣ ስለዚ ለቃሚው አንድ እርምጃ ከዘገየ አለቀ። ለዚህ ስራ ዋናው ሰው ሾርትስቶፕ የሚባለው ነው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሀል የሚቆመው፣ ብዙ ኳስ የሚበዛበት እሱ ነው።

ጌሙ ላይ እያንዳንዱ ካርድ በአንድ አመት በእውነት የተጫወተ ሰው ነው፣ ያን አመት ያደረገው ነገር ወደ ቁጥር ተቀይሮ ተጽፎበታል። ሦስት ዳይስ ትጥላለህ፣ ቀለሟ የተለየችው 1፣ 2 ወይ 3 ካለች የመቺውን ካርድ ታያለህ፣ 4፣ 5 ወይ 6 ካለች የፒቸሩን፣ የቀሩትን ሁለቱን ደምረህ መስመሩን ታነባለህ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዛው ያልቃል። የፒቸሩ ካርድ ላይ ግን አንዳንድ መስመር ላይ የአንድ ተከላካይ ቦታና ኤክስ የምትል ፊደል አለች፣ እሷ ስትመጣ መቺውም ፒቸሩም ከጨዋታው ወጡ ማለት ነው፣ ኳሷ አንተ ጋ መጥታለች፣ ምን ታደርጋታለህ ነው ጥያቄው። ያኔ ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው ባለ 20 ጎን ዳይስ ትጥልና ሰውየው ኳሷ ጋ ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለውን ታያለህ፣ ሁለተኛው ሦስቱን ዳይስ ትጥልና ተሳሳተ ወይስ አልተሳሳተም የሚለውን ታያለህ።

(የኛ ባለ 20 ዳይስ በሁለተኛው ሳምንት የሳሎኑ ጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ቀረች፣ ወንድሜ በሽቦ ሊያወጣት ሁለት ሰአት በሆዱ ተኝቷል። ከዛ ወዲህ 20 የለስላሳ ቆርኪ ላይ ከ1 እስከ 20 ጽፈን ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ እያንቃጨልን እናወጣለን። የአክስቴን ልጅ በስልክ ይሄ ማጭበርበር ነው ወይ ስንለው ሳቀና ድሮ ካምፓኒው ራሱ በዳይስ ፋንታ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ትንንሽ ካርዶች ነበር የሚጠቀመው አለን፣ አብሽሩ ኦሪጅናሉን ነው የምትጫወቱት አለ።)

እንግዲህ የደብዳቤዬ ፍሬ ነገር እዚህ ጋ ነው። ካርዱ ላይ ለእያንዳንዱ ተከላካይ የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች አሉት። የመጀመሪያው ከ1 እስከ 5 ነው፣ 1 ምርጥ ነው ልክ እንደ ክፍል ደረጃ፣ 5 ደሞ ጓንት ያጠለቀ ምሰሶ በሉት፣ ይሄ ቁጥር ሰውየው ምን ያህል ሜዳ ይሸፍናል ነው። ሁለተኛው ኢ ከምትል ፊደል ቀጥሎ ይመጣል፣ ስህተቱ ነው፣ ሲያንስ ጥሩ ሲበዛ መጥፎ። በአንደኛው 1 ሆኖ በሁለተኛው የሚያስጠላ ቁጥር ያለው ሰው አለ፣ ብዙ ኳስ ጋ ይደርሳል ብዙም ይጥላል። በስህተት ንጹህ ሆኖ በአንደኛው 4 የሆነም አለ። ጌሙ እነዚህን ሁለቱን አያምታታም። እናንተ አምታታችሁ።

ጋሼ ይሄን አንድ ማታ በወረቀት ላይ ሰርተው አሳዩን፣ መምህር መምህር ነው መቼም፣ ጡረታም ቢወጣ ጠመኔ ከእጁ አይጠፋም። በል አሉኝ፣ ሁለት ሾርትስቶፕ አሉህ፣ ለሁለቱም 100 100 ኳስ ወደነሱ አካባቢ ተመታ። አንደኛው 80ው ጋ ደረሰ፣ 5 ጣለ፣ 75 አውት አደረገ። ሁለተኛው 65ቱ ጋ ብቻ ደረሰ፣ 2 ጣለ፣ 63 አውት አደረገ። አሁን ከደረሱበት ስንቱን በትክክል ጨረሱት ብለህ በድሮው ስሌት ብታወጣው አንደኛው 94 በመቶ አይሞላም፣ ሁለተኛው 97 በመቶ ሊጠጋ ነው። ጋዜጣ ላይ ሁለተኛው ጎበዝ ሆኖ ይወጣል። ሜዳው ላይ ግን 12 አውት አጉድሏል፣ የጎደለውን ደሞ ማንም በስሙ አልጻፈበትም፣ ተጋጣሚው በደንብ መታ ተብሎ ነው የሚታለፈው። ወንድሜ ወረቀቱን አየት አደረገና "ይሄ ያ 7 ያገኘው ሰውዬ ነው" አለ።

ያ የድሮ ስሌት እነሱ ጋር ፊልዲንግ ፐርሰንቴጅ ይባላል፣ ለአያሌ አመት ተከላካይ የሚለካው በሱ ነበር። ከዛ በአይን ማየት አለ፣ ከሱ ጋር ደሞ ስምና ዝና። ከ1957 ጀምሮ (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለምርጥ ተከላካዮች የሚሰጥ ጎልድ ግለቭ፣ የወርቅ ጓንት፣ የሚባል ሽልማት አላቸው፣ በ1999 በአንደኛው ቤዝ የተሸለመው ራፋኤል ፓልሜሮ ያን አመት አንደኛው ቤዝ ላይ የቆመው በ28 ጨዋታ ብቻ ነው፣ የሲዝኑ ግን 162 ጨዋታ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ መቺ ነበር፣ ጓንቱን ሳያጠልቅ የጓንት ሽልማት በሉት። ዴሪክ ጂተር የኒውዮርክ ያንኪስ ሾርትስቶፕ የነበረው አምስት ጎልድ ግለቭ አለው፣ ቆንጆ ይወረውር ነበር፣ ዘሎ ሲወረውር ፎቶ ነበር፣ በኋላ የመጡት የሽፋን መለኪያዎች ግን ከአማካይ በታች ነው የሚያስቀምጡት፣ ወደ ጎን የሚደርስበት ሜዳ ጠባብ ነበር ብለው። የጂተር ወዳጆች ይሄን ስትነግራቸው እስከ ዛሬ ይጣሉሃል አሉ። አሁን አሁን በየስታዲየሙ ካሜራ ተክለው ኳሷ ስንት ርቀት ላይ ነበረች፣ ሰውየው ስንት ሰከንድ ነበረው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይይዛት ነበር ወይ እያሉ ነው የሚቆጥሩት። ያ የካርቶን ጌም ግን ካሜራ ሳይኖር፣ በ20 ካርድ፣ መድረስና መሳሳት ሁለት ነገር ናቸው ሲል ከርሟል። ይሄ ነው የሚገርመኝ።

እሺ ወደ ሳሎናችን ልመለስ። እኛ የምንጫወተው የ1982ቱን የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ነው። ለምን እነሱን ብትሉ ቡድኑ እንደኛ አይነት ነው፣ ሀብታም አይመስልም። ያን አመት 67 ሆምራን ብቻ ነው የመቱት፣ ሆምራን ማለት ኳሷን ከሜዳ ማዶ መላክ ነው፣ ከሁሉም ቡድን የነሱ ያነሰ ነበር። ፍጻሜ ላይ የገጠማቸው ሚልዋኪ 216 መትቶ የመጣ ነው። ካርዲናልስ ግን ከሰባት ጨዋታ አራቱን አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ፣ በሩጫና በጓንት። ሜዳቸው ሰው ሰራሽ ሳር ስለነበር ኳሷ መሬት ለመሬት እንደ ጥይት ነው የምትሄደው፣ እዛ ላይ የሚደርስ ሰው ከሌለህ አለቀልህ፣ ስለዚ አሰልጣኛቸው ኋይቲ ሄርዞግ የነበረውን ጎበዝ መቺ ሾርትስቶፕ ጋሪ ቴምፕልተንን ለሳንዲያጎ ሰጥቶ ኦዚ ስሚዝን አመጣ። ኦዚ ያኔ ሲመታ ይሄ ነው የሚባል አልነበረም። ሲከላከል ግን ጠንቋዩ ነው የሚሉት፣ ከ1980 እስከ 1992 በተከታታይ 13 ጎልድ ግለቭ ወስዷል፣ የሱን ሽልማት ደሞ ማንም አይከራከረውም። ካርዱ ላይ 1 ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን።

አንድ ማታ ጋሼ ሙከራ እንስራ አሉ። ኦዚን አውጥተን ከሌላ ቡድን ካርድ ባለ 4 ሾርትስቶፕ እናስገባ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀጥል፣ ስህተቱ ደሞ ከኦዚ ብዙም የማይለይ ሰው እንምረጥ አሉ። ወንድሜ ተቃወመ፣ ኦዚን ማውጣት ነውር ነው አለ፣ ከእናቴ ጋር ሆነን ለመንነውና ተስማማ። እስከ መጨረሻው ኢኒንግ፣ ማለት ዙር፣ ደህና ነበርን፣ በአንድ እየመራን ነው፣ ተጋጣሚ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አለው፣ ሁለት አውት ሆኗል፣ አንዷን ብቻ መጨረስ ነው። ዳይስ ተጣለ፣ የፒቸሩ ካርድ፣ ሾርትስቶፕ ኤክስ። ቆርቆሮው ተንቃጨለ፣ እናቴ ራሷ እጇን ከታ ቆርኪ አወጣች፣ ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሰንጠረዡን በጣታቸው ወረዱበት፣ ዝም አሉ። ባለ 1 ቢሆን አውት ነበር፣ ጨዋታው አልቋል። ባለ 4 ላይ ሂት ነው፣ አልደረሰባትም ማለት ነው። ኳሷ በግራው በኩል አለፈች፣ አንዱ ገባ፣ እኩል ሆንን፣ ቆይተን ተሸነፍን።

ወንድሜ ያን ሰውዬ፣ ካርዱን ማለቴ ነው፣ ይሰድበው ጀመር። እናቴ ታዲያ "ምን አጠፋ?" አለች። የስህተት መዝገቡን አየን፣ ምንም የለበትም፣ ንጹህ ነው። "ምንም አላጠፋ" አልናት። "ታዲያ ምንም ካላጠፋ ለምን ትሰድቡታላችሁ፣ ነውር አይደለም እንዴ?" ብላ ረከቦቷን አንስታ ገባች። ጋሼ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። አዘጋጅ ሆይ፣ እናንተም እኮ ያደረጋችሁት ልክ እንደ እናቴ ነው፣ እሷ ግን ነጥብ ጋዜጣ ላይ አታወጣም።

ሌላ ነገር ልጨምር። እዛው ቡድን ላይ በግራ ሜዳ የሚጫወት ሎኒ ስሚዝ የሚባል ነበር፣ ከኦዚ ጋር ዘመድ አይደሉም፣ ኳስ ሲያባርር ስለሚወድቅ ስኬትስ ብለው የሰየሙት፣ በመንሸራተቻ ጫማ እንደሚሮጥ ሰው ማለት ነው። መሳቂያ ነበር አሉ። ያ መሳቂያ ግን ያን አመት በሊጉ የአመቱ ኮከብ ምርጫ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። ደጋፊ የወደቀበትን ያስታውሳል፣ ሌላውን ማን ያስታውሳል።

ደሞ የክንድ ነገር አለ፣ እኔ ከሁሉም የምወዳት ይቺን ነው። ኋላ ለሚቆሙት ለሦስቱ ተከላካዮች ጌሙ ሌላ ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ የመወርወር ጉልበት ነው፣ በማይነስ ሲሆን ጥሩ ማለት ነው፣ ማይነሱ ከሯጩ እድል ላይ ነው የሚቀነሰው። ሯጩ ከአንዱ ቤዝ ወደ ሌላው ልሂድ ወይ ብሎ ሲያስብ የዛን ሰው ክንድ ያስባል፣ ጠንካራ ከሆነ ቁጭ ይላል። ምንም አልሆነም እኮ! አልወረወረም፣ አልተጻፈለትም፣ ሯጩ ግን ቁጭ ብሏል። ሆጤ ላይ የተጋጣሚው ክንፍ ተጫዋች ከመጀመሪያው ግማሽ ሰአት በኋላ ለምን በኛ ግራ በኩል መምጣት እንዳቆመ አስባችሁታል? 4 የሰጣችሁት ልጅ ስላለ ነው። ወደ 7ቱ ዞረ፣ ሁለተኛው ጎል በዛ በኩል ነው የመጣው፣ የማን ስህተት ተባለ? የማንም።

አይ ይሄ ጌም ወንጌል ነው እያልኩ አይደለም፣ ቁርአንም አይደለም። 1 ወይ 4 የሚለውን የሚሰጠው ሰው ነው፣ ሰው ደሞ ይሳሳታል፣ ያድላልም። የአክስቴ ልጅ እንደሚለው በየአመቱ አዲስ ካርድ ሲወጣ ደጋፊዎች የሚጣሉት በመምታት ቁጥር ሳይሆን በመከላከል ቁጥር ነው፣ እንዴት የኔን ሰውዬ 3 ታደርጉታላችሁ እያሉ። ኤፒቢኤ የሚባል ከሱ በአስር አመት የሚቀድም ሌላ ጌም ደሞ አለ፣ እሱ ለእያንዳንዱ ተከላካይ ነጥብ ይሰጥና የዘጠኙን ይደምራል፣ 41ና ከዛ በላይ ከሆነ ቡድኑ አንደኛ ደረጃ ተከላካይ ነው፣ ከ36 እስከ 40 ሁለተኛ፣ ከዛ በታች ሦስተኛ። ይሄ አይጥመኝም፣ ጎበዙም ሰነፉም አንድ ድስት ውስጥ ይገባሉና። ጋሼ ግን ይወዱታል፣ "መከላከል የጋራ ነው፣ አንዱ ሲደርስ ሌላው ስለሸፈነለት ነው" ይላሉ፣ በዚህ ሁለት ጊዜ ተኮራርፈናል።

እና ከናንተ የምፈልገው ምንድነው፣ ዳይስ ጣሉ አላልኩም። ለተከላካይ ሁለት ነጥብ ስጡ። አንዱ ስንት ቦታ ደረሰ፣ አንዱ ስንት ተሳሳተ፣ አንባቢው ራሱ ይደምር። እኛ ሞክረነዋል፣ ባለፈው እሁድ እኔና ጋሼ ደብተር ይዘን ሆጤ ገባን፣ እሳቸው ግራውን እኔ ቀኙን ተካፍለን፣ በአጠገቡ ኳስ ባለፈች ቁጥር ደረሰ ወይስ አልደረሰም ብለን ጭረት እያደረግን። ስራው ቀላል አይደለም፣ ጎል ሲገባ መጻፍ ትረሳለህ፣ ጋሼ ደሞ ተነስተው ይጮሃሉ፣ እድሜያቸውን አያዩም። ከኋላችን የነበሩ ልጆች የቤቲንግ ሰዎች መስለናቸው "አያ ስንት ለስንት ያልቃል፣ ንገሩን እንጂ" እያሉ አላስቀምጥ አሉን። ቢሆንም ተሰራ። የግራው ልጅ ገጽ ሞልቶ ወደ ጀርባው ተገልብጧል፣ የሌላኛው ግማሽ ገጽ አልሞላም፣ እዛችው ግማሽ ገጽ ላይ ደሞ አልደረሰም የሚለው ነው የሚበዛው። ደብተሩ እኔ ጋ አለ፣ ከፈለጋችሁ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፣ የጋሼ ጽሁፍ ግን ለማንበብ ትንሽ ያስቸግራል።

ሌላው ጥያቄዬ የግል ነው። ከአንባቢዎቻችሁ መሀል ባለ 20 ጎን ዳይስ ያለው ሰው ካለ፣ ኮምቦልቻም ይሁን ወልዲያ እኔ እመጣለሁ፣ በቡና እለውጣለሁ። ቆርኪዎቹ ዝገው 6ና 9 መለየት አቅቶናል፣ ወንድሜ ደሞ 20ኛዋን ጠርዟን አጣሞ ምልክት እንዳደረገባት ከጠረጠርኩ ሰነበትኩ።

አክባሪያችሁ፣ ከደሴ